ማስጠንቀቂያ ደርሶት ስለ ናቀው ሰው

ለተከበሩ ኢንጂነር ኦኩምባ ንዲዬጌ
የሐይቅ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኪሱሙ

ጉዳዩ፦ የሟች ኮሊንስ ኦዴሮን ስም ስለ መመለስ

ክቡር ሆይ፣

ትናንት ደህና ሲሠራ የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ ጠዋት ምን ነክቶት ነው እምቢ የሚለው? እኛ የበታች ሠራተኞችዎ ይህን ሳንጠይቅ የዋልንበት ቀን የለም፤ እርስዎ ግን መልሱ ራስዎ ስለሆኑ መጠየቅ አስፈልጎዎት አያውቅም። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ ያለኝን ሐሳብ እንድገልጽ ይፍቀዱልኝ። በቀብሩ ዕለት አርባ ደቂቃ ቆመው የተናገሩበት ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የሐይቅ ዳር ነፋስ የማይስማማው ጉሮሮዎስ? ነፋሱ ያልተስማማው ሌላም ሰው ስለነበረ ነው መጠየቄ።

እኔ አፖንዲ ራዲንግ እባላለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ በኮሪደሩ ሲያልፉ «አንቺ ልጅ» የሚሉኝ ነኝ። ነገሩን እርስዎ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል፤ ሆኖም ይህ ደብዳቤ በአሥራ አንዱም የጀልባ ማረፊያ በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ ለሚያነበው ሰው ስል ከመጀመሪያው ልናገር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓርብ ኮሊንስ ኦዴሮ የተባለ የኮልዌና ማረፊያ ዓሣ አጥማጅ ሐይቁ ላይ ሳለ ነፋስ ያዘው። ጀልባዋ ውስጥ አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ተመለሱ። እርስዎ በፈረሙት ሪፖርት ላይ ሟቹ «የተላከለትን ማስጠንቀቂያ ንቆ» ወደ ሐይቁ እንደ ገባ ተጽፏል። ባለቤቱ አቾላ ሪፖርቱን ያነበበችው ማረፊያው ቢሮ በር ላይ፣ ሕፃን አዝላ፣ ከኋላዋ ሰልፍ ቆሞ ነው። እኔ የምጠይቅዎ ያ ዐረፍተ ነገር እንዲሰረዝ ብቻ ነው። መሰረዝ ደግሞ እንደማያቅትዎ በዓይኔ አይቻለሁ።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ።

፩ኛ፦ በስብሰባ ላይ ስለ ፓይተን ስላነሡት ጥያቄ አመሰግናለሁ። የማዕከሉ ትልቁ ኮምፒውተር ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በሦስት ቨርዥን ይዞ ይኖር ነበር። አንደኛው ከማሽኑ ጋር የመጣው ነው፤ እኛ አንጽፍበትም፣ ማሽኑ ግን ለመነሣትም ለመተኛትም የሚጠቀመው በእሱ ነው። ሁለተኛው ነባሯ ባለሙያችን ማማ ሚልድሬድ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የነፋስ ማስጠንቀቂያውን ፕሮግራም የጻፉበት ነው፤ አዲሱን ቨርዥን ቢሰጡት ያ ፕሮግራም አንድ መስመር አይራመድም። ሦስተኛው እኔ ስቀጠር ያስገባሁት አዲሱ ነው። እያንዳንዱ በየክፍሉ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ማሰሮ አይነካም። ይህ ቅንጦት አይደለም፣ ሙያው ነው፤ ከናይሮቢ እስከ ካምፓላ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚኖረው እንደዚህ ነው።

እርስዎ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «አንድ ሰው ስንት ምላስ አለው? አንድ። ታዲያ አንድ ኮምፒውተር ሦስት ፓይተን ምን ይሠራለታል?» ብለው ጠየቁ። ተጨበጨበልዎ። ይህን የተናገሩት በአንድ ትንፋሽ ሉኦን፣ ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ቀላቅለው መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም፤ ያስተዋለም ካለ የሚያበላቸው ልጆች አሉት። በሳምንቱ «አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ቨርዥን» የሚል ጨርቅ በር ላይ ተሰቀለ። ጨርቁ አሁንም እንደ ተሰቀለ ነው፤ ኮምፒውተሩ ነው የወደቀው።

፪ኛ፦ እዚህ ላይ ራሴን አላድንም። በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘርዝሪ ብለው ሲያዙኝ፣ ዓይንዎ ውስጥ ልግባ ብዬ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ሠራሁ። አዲሱን አረንጓዴ፣ አሮጌዎቹን ሁለቱን ቀይ ቀባኋቸው። ቀይ ያልኩት «በጥንቃቄ ይያዝ» ለማለት ነበር። እርስዎ ቀይ ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ አሥር ወር ጊዜ ነበረኝ፤ አላወቅሁም። ይህ የእኔ ዕዳ ነው፤ ለአቾላም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። ተራው የእርስዎ ነው።

፫ኛ፦ ኦዴሮ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ስለነበረው ማክሰኞ። ለማዕከሉ መጽሔት ፎቶ አንሺ ተጠርቶ፣ ከረባትዎ ተስተካክሎ፣ የማሽን ክፍሉ ወንበር በጨርቅ ተወልውሎልዎ፣ ሁለቱን ቀዮች በገዛ እጅዎ ሊያጠፉ ተቀመጡ። የማማ ሚልድሬድ ቨርዥን ሳይንገራገር ጠፋ። ከማሽኑ ጋር የመጣው ግን እንደዚያ አልሄደም። ኮምፒውተሩ፣ ምስኪን፣ ይህን ካጠፉ አብረውት የሚጠፉት እነዚህ ናቸው ብሎ መቶ አርባ ሦስት ነገር ዘረዘረልዎ። አላበቃም፤ ምን እንደሚያደርጉ እንደማያውቁ ጠርጥሮ ነው መሰለኝ፣ «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር በእጅዎ ካልጻፉ አልታዘዝም አለ። በሕይወቴ እንዲህ አጥብቆ የሚለምን ማሽን አላየሁም። እኔም ይቅርብዎ አልኩ። እርስዎ ግን ወደ ፎቶ አንሺው ፈገግ እያሉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ኮምፒውተር እንደ ሠራተኛ ነው፤ ማጉረምረሙን ከሰማሽለት አይሠራም» አሉኝ። ጻፊልኝ ብለው ሲያዙኝ እጄን ኪሴ ከተትሁ። ያን ዐረፍተ ነገር በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ ራስዎ ጻፉት። ፎቶው ግሩም ሆኖ ወጥቷል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ከጀርባዎ ያለው ስክሪን ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ማስጠንቀቂያው ፕሮግራም የቆመው በዚያች ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ራሱ ደግሞ በማግሥቱ አልነሣም አለ። ረቡዕ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት ማስታወሻ ጻፍኩልዎ፤ ለማረፊያዎቹ በስልክ እንንገራቸው ብዬ ለመንኩ። የመለሱልኝ በጸሐፊዎ በኩል ነው፦ ባለሙያ ከናይሮቢ ይመጣል፣ እስከዚያ የማዕከሉን ገመና ወደ ውጭ የሚያወጣ ሠራተኛ ይጠየቃል። ባለሙያው የመጣው ሰኞ ነው። በጨዋ ደንብ አንገቱን ደፍቶ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገው ብሎ ጠየቀ። ፎቶውን አሳየነው።

፬ኛ፦ ይህ ቁጥር ላይ ቀልድ አላገኘሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማማ ሚልድሬድ ፕሮግራሙን ሲሠሩ በየቀኑ መልእክት እንዳይልክ አድርገውታል፤ በየቀኑ የሚጮህ ውሻ ሌባ ሲመጣ አይሰማም ይሉ ነበር። ስለዚህ ነፋስ ሲኖር ብቻ ይልካል። ላለፉት ዓመታት አሥራ አንዱም ማረፊያ የኖረው በዚህ ነው፦ ስልክ ከጮኸ ጀልባ አይገፋም፤ ስልክ ዝም ካለ ሐይቁ ሰላም ነው። እርስዎ ማሽኑን ሲገድሉ ዝም አላሰኙትም፤ ለአሥራ አንድ ማረፊያ፣ ለሦስት ቀን፣ «ሐይቁ ሰላም ነው፣ ግቡ» እያለ እንዲዋሽ አደረጉት።

ከተመለሱት ሦስቱ አንዱ፣ የኦዴሮ ታናሽ ወንድም፣ የሆነውን ነግሮኛል። ኦዴሮ ከመግፋታቸው በፊት ስልኩን አወጣ፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ የዓሣ ቅርፊት ስለነበር በሸሚዙ ጠርጎ ሁለተኛ አየ። ወንድሙ እንደ ወትሮው፣ «ከሚስትህ ይልቅ ይቺን ስልክ ትፈራለህ» ብሎ ቀለደበት። ኦዴሮም፣ «ሚስቴ ብትሳሳት እራት ይቀራል፤ ይቺ ብትሳሳት እኔ እቀራለሁ» አለው። ክቡር ሆይ፣ ማስጠንቀቂያ ንቋል ያሉት ይህን ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ያየውን ሰው።

፭ኛ፦ ስለ ቀብሩ ንግግር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የክብር እንግዳ ሆነው፣ ድንኳኑ ሥር የተሻለውን ወንበር ይዘው፣ ቴክኖሎጂ በሩ ድረስ ቢመጣም ልቡን ላልከፈተ ሰው እንደማይጠቅም ሬሳው ፊት አስተማሩን። አቾላ ከሁለት ክንድ ርቀት ትሰማዎ ነበር። ሾርባው ቀዝቅዟል ብለው እንዲሞቅልዎ ሲያዙም ሰምታለች፤ ያሞቀችው እኅቷ ናት።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ የኮልዌና ማረፊያ ሊቀ መንበር ጃዱኦንግ ኦባላ ጠርተው አስቀመጡኝ። ሽማግሌው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ሦስት ሚስት ግን አግብተዋል። ስለዚህ በሚያውቁት ነገርኳቸው። ግቢው ማሽኑ ነው አልኳቸው፤ ሦስቱ ቨርዥኖች የሦስቱ ሚስቶች ቤቶች ናቸው፤ ሚካዪ፣ የመጀመሪያዋ፣ ከግቢው ጋር አብራ የመጣችው ናት፤ ሥራ አስኪያጃችን የመጨረሻዋን ወጣት ሚስት ቤት አስቀርቶ ሁለቱን አፈረሰ። ሽማግሌውም፣ «የሚካዪን ቤት አፍርሶ ግቢው ይቆማል ያለው እሱ፣ ወንድ ልጅ ነው ወይስ ጎርፍ?» አሉኝ። አባትዎን እንደሚያውቋቸው፣ እርስዎም የሦስተኛዋ ልጅ እንደሆኑ፣ የአባትዎ ግቢ እስከ ዛሬ የቆመው የመጀመሪያዋን ቤት ማንም ስላልነካ እንደሆነ ጨመሩልኝ። በአሥር ደቂቃ የገባቸውን ነገር እርስዎ በሁለት ዲግሪ ስላልገባዎት አይዘኑ፤ እርሳቸው ማድመጥ ይችላሉ።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልመለስ። በዚያች ሳምንት ኪሱሙ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ደርሶት የናቀ አንድ ሰው ነበረ፤ በዚህ ሪፖርቱ ልክ ነው። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ደረሰው፤ ከመቶ አርባ ሦስት ማስረጃ ጋር ደረሰው፤ መናቁንም በገዛ ጣቱ ፈረመ። ስሙን ብቻ ነው የተሳሳቱት። የኦዴሮን ስም አውጥተው ትክክለኛውን ያስገቡልን፤ ፊደሉ ቢጠፋብዎ በቢሮዎ በር ላይ በነሐስ ተጽፏል።

መልስዎን እስከ ሐሙስ እንጠብቃለን። ይህን በየማረፊያው በር ላይ የምታነቡ ዓሣ አጥማጆችም፣ እናንተን ደግሞ እለምናለሁ፦ ሐሙስ ጠዋት ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ማዕከሉ ኑ። ምንም መናገር አያስፈልጋችሁም። የዚያን ሳምንት መልእክት ከፍታችሁ ያንን ባዶውን አሳዩአቸው። አቾላ የኦዴሮን ስልክ ይዛ ከፊት ትቆማለች፤ ስልኩ ሐይቁ ከሰጠን ዕቃ ጋር ተመልሷል፣ ደርቆም ሠርቷል። እርሱም ባዶ ነው።

ወንበርዎ የጸና፣ ጨርቅዎ የተሰቀለ፣ ጣትዎ ግን ከማንኛውም ቁልፍ የራቀ እንዲሆን በመመኘት፣ ተነሥቼ ቦታ የምለቅልዎ፣

አፖንዲ ራዲንግ

ግልባጭ፦
ለማማ ሚልድሬድ፣ ከይቅርታ ጋር
ለአሥራ አንዱ ማረፊያዎች
ለፎቶ አንሺው፣ ከልብ ምስጋና ጋር

ማስታወሻ፦ የማማ ሚልድሬድ ፕሮግራም አንድ ቅጂ መሳቢያቸው ውስጥ ተገኝቶ፣ ላለፉት ሁለት ሳምንታት ከእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ማስጠንቀቂያ እየላከ ነው። ላፕቶፑ ሦስት ፓይተን አለው፤ ደንብዎን ስለጣስኩ እቀጣለሁ። ቅዳሜ ከእንግዶችዎ ጋር በጀልባ ለመንሸራሸር እንዳሰቡ ስለሰማሁ የእርስዎንም ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ስልክዎ ዝም ካለ ሐይቁ ሰላም ነው ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ዓርብ ላይ ወደ ክፍሌ ገብተው ላፕቶፔንም አጽድተውልኛል። ከመግፋትዎ በፊት፣ እንደ ኦዴሮ፣ መስታወቱን ጠርገው ሁለት ጊዜ ይዩት።