ስለ ተቃጠለው ማዘርቦርድና ስለ ተቀበሉት ይቅርታ

ለተከበሩ አቶ ታረቀኝ ፈንታ
የቀርከሃ ጥላ የወጣቶች ሥራ ማዕከል ሥራ አስኪያጅና የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የዘንድሮው የአሶሳ ሙቀት ሰው የሚቀቅል ቢሆንም፣ የቢሮዎ ማራገቢያ ገና ሳይገቡ ተከፍቶ ስለሚጠብቅዎ ጤናዎ የተሟላ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ቤተሰብዎም፣ ወንበርዎም፣ ማኅተምዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሰብለወንጌል የሻው፣ የማዕከሉ የኮምፒውተር ክፍል ባለሙያ፣ ደህና ነኝ፤ ንዴቱ ብቻ እህል አላስበላ ብሎኛል። በደንቡ መሠረት ቅሬታዬን በጽሑፍ አቅርቤ መልስ ስላጣሁ፣ ይኸው ያገሩ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጽፌዋለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎም ስናስረዳዎ በስልክ ይነጋገሩ ስለነበር አብረው ቢያነቡ አይጎዳዎትም። የሥራ ባልደረባዬ ዓፊያ ዓብዱልላጢፍ ለትንንሽ ተማሪዎች በበርታ ቋንቋ የካርቱን ፊልም ትሠራለች። ሥዕሉም ድምፁም የእሷ ነው። ሥዕሎቹ ተገጣጥመው ፊልም እስኪሆኑ ድረስ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት መሥራት አለበት፤ የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ኤሊ ነበር። አዲስ ይገዛልን ብንል በጀት የለም ተባልን። እኔም የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከመደበለት ፍጥነት በላይ ሊሠራ የሚችል ዓይነት መሆኑን፣ ይህም ኦቨርክሎክ እንደሚባል፣ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ለዚሁ ታስቦ ካልተመረጠ በእሳት መጫወት እንደሚሆን ገልጬ አንድ ማዘርቦርድ ብቻ እንዲገዛልን ጻፍሁ። እርስዎም «በርቺ» አሉኝ። ማዘርቦርዱ ገና ሳይገዛም ለበላይ አካል በላኩት ሪፖርት «በማኔጅመንቱ የቅርብ ክትትል የኮምፒውተር ፍጥነትን በአነስተኛ ወጪ ማሳደግ ተችሏል» ብለው ጻፉ። እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ መስፈርቴን ስላሳጠሩልኝ አመሰግናለሁ። የጠየቅሁት ፍጥነት መቀየር የሚፈቅድ፣ ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ መጥነው የሚያቀብሉት ክፍሎች በርከት ያሉና ጠንካራ የሆኑ፣ በእነዚያም ክፍሎች ላይ ሙቀት የሚያስወጣ ወፍራም ብረት የተገጠመበት ማዘርቦርድ ነበር። ይህንን ያልሁት ቅንጦት አምሮኝ አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ኤሌክትሪክ በብዛት ይፈልጋል፤ አቀባዮቹ ደካማ ከሆኑ ይግላሉ፤ ከጋሉም ኮምፒውተሩ በሥራ መካከል ድርግም ይላል፤ ከባሰም እነሱው ይቃጠላሉ። ኮሚቴዎ ይህን ሁሉ አንብቦ «ዝርዝሩ ለአንድ አቅራቢ ያደላል» በማለት ሰረዘና «ማዘርቦርድ፣ ጥራት ያለው» ብሎ ለገበያ አወጣው። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ርካሹ አሸነፈ። የመጣው ቦርድ በአቀባዮቹ ላይ አንዲት ብረት አልነበረችበትም፤ በምትኩ ቀይና ሰማያዊ የሚያበሩ ጌጠኛ መብራቶች ነበሩት፤ እርስዎም ሲበራ አይተው «ዘመናዊ ማለት ይሄ ነው» አሉ። የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የጉባው ግድብ ያለውን ኃይል ሁሉ ለእኛ ብቻ ቢልክልን እንኳ በእንዲህ ያለ ቦርድ በኩል አልፎ ፕሮሰሰሩ ጋ የሚደርሰው ጭሱ ነው። ይህንንም በጊዜው ነግሬዎት «አንቺ ደግሞ ማማረር ልማድሽ ነው» ብለውኛል። እኔም ምን ላድርግ፣ ፍጥነቱን በጥቂቱ ብቻ ከፍ አድርጌ፣ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ፣ ትልቅ ማራገቢያ አዙሬበት ሞከርሁት። እንዲያ ሆኖ እየተንገታገተ ሠራ።

ሁለተኛ፣ ለንብረት ስላለዎት ጽኑ ፍቅር አመሰግናለሁ። እኔ ለሥልጠና ግልገል በለስ በሄድሁ ማግስት፣ የኮምፒውተሩ ጎን ተከፍቶ መታየቱ «ለጎብኚ ያሳፍራል» ተብሎ በትእዛዝዎ ተዘጋ። ማራገቢያው «ያለ አገባብ የተቀመጠ» ተብሎ ተነሣ፤ ዛሬ የት እንዳለ ፊትዎን ሲያቀዘቅዝዎ ያውቁታል። ይህም አልበቃ ብሎ ኮምፒውተሩ ከሌባ እንዲጠበቅ በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ለገመዱ ብቻ ቀዳዳ ተበጅቶለት ተቆለፈበት፤ ከላዩም አበባ ያለው ዳንቴል ለበሰ። ሙሽራ እንኳ በአሶሳ ሙቀት እንዲህ አትሸፈንም። ቁልፉ በንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ፣ ኃላፊው ደግሞ በምሳ ሰዓት ቤቱ። አገር እንዲህ ተጠብቆ አያውቅም። እንዲህ አድርጋችሁ እንዳታፍኑት ከመሄዴ በፊት ማስጠንቀቂያ ለጥፌበት ነበር፤ ዳንቴሉ ሸፍኖት አገኘሁት።

ሦስተኛውንም በቁጥር ልጽፈው ነበር፤ ግን ምስጋናው አልወጣ ብሎኛልና ቁጥሩን እርስዎ ያስገቡልኝ።

እኔ በሌለሁበት ዓፊያ ፊልሙን ለማስጨረስ ኮምፒውተሩን አስነሥታ ሥራ ላይ ሳለች፣ በምሳ ሰዓት ከቁም ሳጥኑ ጭስ ወጣ። ገመዱን ነቀለች። ኃላፊውን ጠራች፤ የለም። በሩን ታገለች፤ ተቆልፏል። ያን ጊዜ ከግቢ ብረት አምጥታ ቁልፉን ሰበረችና፣ እየተጠበሰ ካለው ኮምፒውተር የልጆቹ ፊልም ያለበትን ሃርድ ዲስክ በባዶ እጇ ነቅላ አወጣች። ጣቷ ላይ ጠባሳው አለ፤ መጠየቅ ደስ ካሰኘዎ ታሳይዎታለች። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህች ልጅ ትሸለም ነበር። እርስዎ ግን «ዓፊያ ዓብዱልላጢፍ ሆን ብላ የማዕከሉን ንብረት ስላወደመች ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል» የሚል ወረቀት አስጽፈው፣ ማኅተም አድርገው፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው በበሩ ሰሌዳ ላይ ለጠፉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ቦርዱን የመረጠው ኮሚቴ፣ ማራገቢያውን የወሰደው ሥራ አስኪያጅ፣ ቁልፉን ይዞ ምሳ የሄደው ኃላፊ ደህና ናቸው፤ ጥፋተኛዋ እሳት እንዳይነሣ ገመዱን የነቀለችው ናት። ኮሚቴ ፊት ቀርባ ለምን መልስ አልሰጠችም ይሉ ይሆናል። የቢሮ አማርኛ እያከታተላችሁ ስታወርዱባት፣ በበርታ አፏን የፈታች ልጅ ቃል እስክታዘጋጅ መች ጠበቃችኋት? ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠራችሁት።

«ሆን ብላ» የምትለዋን ቃል ሲያስጽፉ የልጅቷን አባት አስበው ያውቃሉ? ሐጂ ዓብዱልላጢፍ በገበያው የማርና የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ከገጠር የሚመጣ ሰው ያልሸጠውን ዕቃ ይዞ ከመመለስ እሳቸው ጋ ትቶ ይሄዳል፤ አማና ይሉታል። ደረሰኝ የለውም፣ ፊርማ የለውም፤ ያለው የእሳቸው ስም ብቻ ነው። ወረቀቱ በተለጠፈ ሰሞን አንዲት ደንበኛቸው ዓይናቸውን ሳታይ መጥታ ማሯን «ለጊዜው» ብላ ወሰደች። ሌላውም ተከተላት። የሰው ንብረት ሆን ብላ የምታወድም ልጅ ባለችበት ቤት ማን ንብረቱን ያስቀምጣል? ሐጂ ሰሌዳዎ ሥር ቆመው ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ብዙ ቆሙ። ሰው እያለፈ ያያቸው ነበር።

ከዚያ ያደረጉትን ስሰማ ነው የእኔ ደም የፈላው። ልጃቸውን እውነቱን ሳይጠይቁ አይደለም፤ ጠይቀዋታል፣ ነግራቸዋለች፣ አምነዋታልም። ነገር ግን ከመንግሥት ሰው ጋር ክርክር ውስጥ ገብቶ ስም ከሚጎድፍ፣ ዝቅ ብሎ ነገሩን ማብረድ ይሻላል ብለው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከመስጊድ፣ ሦስተኛ ደግሞ በሠፈራ ወደዚህ አገር የመጣውን የእኔን አባት የሻውን ይዘው ቢሮዎ መጡ። በኮሪደሩ ወንበር ላይ እስኪያስጠሯቸው ጠበቁ። ገብተውም ሐጂ «ልጄ አጠፋ፣ እኔ አባት ነው፣ በእኔ ይሁን» ብለው እንደ ጎነበሱ አባቴ ነግሮኛል።

እርስዎም ይቅር አሉ።

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ቦርዱን የመረጡት እርስዎ መሆንዎን ያውቃሉ። ማራገቢያው ከጎንዎ እየዞረ ነበር። እነዚያ ሽማግሌዎች ያላጠፉትን ጥፋት ተሸክመው ፊትዎ ሲቆሙ፣ «ኧረ ቀና በሉ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እርስዎ ግን «ወጣት ናት፣ ለዛሬ ይቅር ብያለሁ፣ ምከሯት» ብለው እጅዎን ዘርግተው አስጨበጡ። ሽበት ያስጎነበሰ ይቅርታ ተቀብለው ኪስዎ ከተቱ። ወረቀቱንም ከሰሌዳው አላነሡትም። ይህን ያህል ልበ ሰፊ ሰው በማዕከላችን ስላለን አመሰግናለሁ፤ አመሰግናለሁ ስል ግን አፌ ሬት ሬት ይላል።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ማዘርቦርድ አይደለም። ቦርድ ተቃጥሎ ቦርድ ይገዛል። የወሰዱት ይቅርታ የእርስዎ አልነበረምና ይመልሱ። በገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት፣ ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ቆመው፣ «ልጅዎ አላጠፋችም፣ ያጠፋሁ እኔ ነኝ» ይበሉና ይመልሱላቸው። ማራቸውን የወሰዱትም ቆመው ይስሙ።

ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያልቅበት፣ ፊርማዎም በሰው ስም ላይ ዳግመኛ እንዳያርፍ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በላይ ከሆነ ንዴት ጋር፣

ሰብለወንጌል የሻው

ማስታወሻ፦ ለሚመጡት ጎብኚዎች የበርታውን የልጆች ፊልም ማዕከሉ እንደሚያሳይ በፕሮግራሙ ላይ ማስገባትዎን ሰምቻለሁ። ፊልሙ አልቋል፤ ዓፊያ እዚሁ ከተማ በዐወድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላ ጨርሳዋለች፤ ቅጂውም እሷ ጋ ብቻ ነው። ትስጥዎ እንደሆነ ጠይቄልዎታለሁ። «መጀመሪያ አባቴን ይጠይቁ» ብላለች። የሐጂ ሱቅ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ብቻዎን ግን አይሂዱ፣ ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ።