ደረቷ ላይ የነበረው

ጥቅምት 8
ቀኑን ሙሉ አፈር ሳራግፍ ዋልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ከኮረብታው ተቆፍሮ ወደ ሙዚየማችን የመጣው የጥንት ሴት አፅም ደረት ላይ ሕፃን አለ። የጎድን አጥንቱ የክብሪት እንጨት ያህላል… ክንዷን አዙራበታለች። ይህን ሁሉ ዘመን ሳትለቀው!

ጥቅምት 15
ጥርሷን በማጉያ አየሁት። መስመር መስመር አለበት፤ የረሃብ ምልክት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ተርባለች። የሕፃኑም አጥንት እንደዚያው የሳሳ ነው። ረሃብ ነው የጨረሳቸው። ያየሁትን ጽፌ ሰጠሁ።

ጥቅምት 22
ዳይሬክተሩ ጠራኝ። አብሮ አደጌ ነው። ዛሬ ግን አንቱ ልለው ቃጣኝ።
"ንግሥት ናት" አለኝ።
"በምን አወቅክ?"
"አንገቷ ላይ ዶቃ ተገኝቷል።"
"ዶቃማ እኔም አለኝ።"
አልሳቀም። "አዲሱ አዳራሽ በእሷ ነው የሚከፈተው። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተባልቶ ሊያልቅ ነው። አንድ የጋራ እናት ትኑረው። የአገር እናት ደግሞ በረሃብ አትሞትም።"
"ሕፃኑስ?"
"መጋዘን ይግባ።"


ጥቅምት 23
ሌላ ሰው ከሚሰባብራቸው ብዬ በገዛ እጄ ለየኋቸው። ክንዷን አንስቼ ሕፃኑን ጥጥ ላይ አስተኛሁት። ለእህቴ ደወልኩላት። "ለአጥንት ታለቅሻለሽ እንዴ?" አለችኝ።

ኅዳር 12
አዳራሹ ተከፈተ። ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ካሜራ። "የሁላችን እናት" ይላል ጽሑፉ። ትናንት ሲሰዳደቡ የነበሩ ሰዎች የመስታወት ሣጥኗ ፊት ተቃቅፈው ፎቶ ተነሱ። ዳይሬክተሩ ይሆን እንዴ ልክ?

ኅዳር 19
ጥቁር የለበሰች ሴት አስጎብኚውን "ልጅ ነበራት?" ብላ ጠየቀችው።
"ስለ ልጅ የሚታወቅ ነገር የለም፣ እናቴ።"
አላስቻለኝም። "ነበራት" አልኩ። "ደረቷ ላይ ታቅፋው ነው የተገኘችው።"
"ምን ነካቸው?"
"ረሃብ።"
መስታወቱን በመዳፏ ነካችው። "የኔንም ሲነጋ ነው ሬሳውን ከእጄ የወሰዱት" አለች፣ ቀስ ብላ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል…

ኅዳር 21
ተባረርኩ። የመጋዘኑን ቁልፍ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀና ብሎ አላየኝም።
"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!"
"ታዲያ ስትጠይቅ ምን ልበላት?"
በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።
"ሕፃኑን… የት ነው ያስቀመጥሽው?"
"ምን ሊያደርግልህ?"
"እንዲያው ነው። አንድ ሰው እንኳ ይወቀው ብዬ።"
ነገርኩት። ከመስኮቱ ሥር፣ ታችኛው መደርደሪያ፣ ጥጥ ላይ። እስክሪብቶ አላነሳም። በቃሉ ሊይዘው ሁለቴ አስደገመኝ።