የሞስ ፀጉር ደረቅ ነበር

ባሊናካራ፣ ክሌር፣ አየርላንድ
ማርች 11 ቀን 1996

ውድ ልጄ ግሮንያ፣

ያን ቀን በስልክ በደንብ ልነግርሽ አልቻልኩም። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፣ እኔም አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሐኪሞቹ በዚህ ሆድሽ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ ስለከለከሉሽ ከአውስትራሊያ ሳትመጪ፣ የወንድምሽን ቀብር ሳታዪ ቀረሽ። ስለዚህ ቀስ ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ማክሰኞ ነበር፤ ድንች እየላጥኩ ነው። ጎረቤታችን ማላኪ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በራችን ላይ ቆመ፤ ከኋላው ቄሱ አሉ። ማላኪ ዕድሜ ልኩን ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ደጃፉን አላልፍ አለ።

«ብሪድ» አለኝ፣ «የፍግ ጉድጓዴን እያማሰልን ነበር። ውሻችሁ ሞስ ገባበት። ዶናካ ውሻውን ሊያወጣ ወረደ። ውሻው እንደምንም ወጥቶ ሮጠ፤ ዶናካ ግን አልወጣም።»

ጋዙን ታውቂዋለሽ፤ አባትሽ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሲጮህባችሁ የኖረው ነገር ነው። ክረምቱን ሙሉ በበረቱ ስር የተጠራቀመ ፍግ ሲማሰል የሚወጣው ጋዝ ሰውን በአንድ ትንፋሽ ይጥላል። የማማሰያው ሞተር ከመነሳቱ በፊት ከብት ይወጣል፣ ውሻ ይዘጋበታል፣ ሰውም ይርቃል። ዶናካ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያን ጠዋት «ሂድና ማላኪን አግዘው፣ ብቻውን ነው» ብሎ የላከው አባትሽ ነው።

ከቀብር እንደተመለስን አባትሽ ሞስን ጋጣ ውስጥ በሰንሰለት አሰረው። «ልጄን የበላ ውሻ ምድጃዬ ስር አይተኛም» አለ። እኔም አልተቃወምኩም፤ ዓይኑን ማየት ጠልቼ ነበር። ምግቡን እንኳ ከሩቅ ነበር የምገፋለት። ድመታችን ዊኒ ግን እየሄደች ጎኑ ትተኛለች። አንድ ቀን ውሃ ላደርግለት ስገባ ሆዱ ስር ተሸጉጣ አየኋት፤ ባልዲውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ማላኪ በሩ ላይ ቆሞ ሲነግረኝ ሞስ ምድጃው ስር ተኝቶ ነበር፤ ዊኒም ልክ እንደዚያው ሆዱ ስር። ዊኒን ታውቂያታለሽ፤ አባትሽ በበረት ጫማው ሲገባ ክፍሉን ለቅቃ የምትወጣ እመቤት ናት። እሷ ከፍግ ጉድጓድ የወጣ ውሻ ታቅፋ ትተኛለች? የዶናካን ልብስ አጥቤ አጥቤ ሽታው አልለቅ ቢለኝ አቃጥዬዋለሁ። ሞስን ግን ያን ዕለት ድስት ይዤ ስራመደው በእግሬ ነክቼዋለሁ፤ ፀጉሩ ደረቅ ነበር።

ለአባትሽ ነገርኩት።

«ዝናብ አጥቦት ይሆናላ» አለኝ።

«ያን ቀን ዝናብ አልነበረም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ተይኝ። የእንስሳት ሐኪሟ አርብ ትመጣለች፣ በመርፌ ይገላገላል፣ አለቀ።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ አባትሽንም ጠረጠርኩ። በዚያ ውሻ ላይ ምን አጣደፈው?

ለለቅሶው ጎረቤት ሳንድዊች ያመጣበትን ሳህን እየዞርኩ ስመልስ የማላኪን መጨረሻ አደረግሁት። ከግቢው በር ላይ ጠብቃ፣ ቀሚስ እየጎተተች ሰው የምታስገባው ውሻው ኔል የለችም። የምትበላበት ሳህን ተደፍቷል።

«ኔል የት ሄደች?»

«ኤኒስ ከተማ፣ እህቴ ጋ ላክኋት። አርጅታለች።»

«እህትህ ፎቅ ላይ አይደለችም እንዴ? ውሻ ባየች ቁጥር የምታስነጥሰው?»

«ለመደች።»

«ያቺን ውሻ ለጳጳሱ እንኳ የማታውስ ሰውዬ።»

አልሳቀም። እኔ አጥቤ ያመጣሁትን ሳህን ተቀብሎ እንደገና ያጥብ ጀመር። ማላኪ የታመመ ሰው ላይጠይቅ ይችላል፤ የታመመ ቡችላ ግን ኮቱ ውስጥ አቅፎ ያድራል። ስለዚህ ጀርባውን እያየሁ «አርብ ጠዋት ሞስን ሊገድሉት ነው» አልኩት። ሰዓቱንም ነገርኩት። ሆን ብዬ ነው። ውሃው ዝም ብሎ ይፈስሳል።

አርብ ሐኪሟ መጣች፤ ገና ልጅ ናት። ሞስ አጠገብ ተንበርክካ የፊት እግሩን ፀጉር ላጨች፤ እሱ እጇን ይልሳል።

«ጤነኛ ውሻ እኮ ነው። ቆርጣችኋል?» አለች።

አባትሽ ግድግዳውን ያያል፤ እኔ መንገዱን አያለሁ። መንገዱ ባዶ ነው። መርፌዋን ስትሞላ እጄን ሞስ አንገት ላይ አደረግሁ፤ ከዚያ የሚያነሳኝ አልነበረም። ያኔ ማላኪ በቤት ጫማው፣ በማሳው መሀል እየተንገዳገደ ሲመጣ አየሁት።

«ተይው፣ ልጄ» አላት ሐኪሟን። ትንፋሽ አጥሮታል። «የገባችውም የወጣችውም ኔል ናት።»

ሐኪሟ መርፌዋን አወረደች።

«አልዘጋሁባትም። አሮጊት ናት፣ ከእግሬ አትርቅም ብዬ። ስትንሸራተት ‹ኔል! ኔል!› ብዬ ጮህኩ፣ እንደ ሰው ልጅ። ውረድ አላልኩትም፣ ብሪድ። ጮህኩ እንጂ።»

«ሞስስ?»

«መኪና ውስጥ ነበር። ዶናካ ራሱ ነው የዘጋበት። በኋላ እኔ ለቀቅሁት።»

«ታዲያ የኛን ውሻ ምን አድርጎህ ነው?» አለ አባትሽ።

«ምን ልበላችሁ ኮልማን? ልጃችሁ ለኔ ውሻ ሞተ ልበል?»

አባትሽ ሰንሰለቱን ሊፈታ ሞክሮ ቢያቅተው ሐኪሟ ፈታችለት። ወደ ማሳው ሲወጣ «የላከው ማን ሆነና» ሲል ሰማሁት። እንዳልሰማሁ ሆንኩ። አንቺም ስትደውዪ እንዳታነሺበት።

አሁን ሞስ ወደ ምድጃው ተመልሷል። የተላጨው እግሩ እየበቀለ ነው፤ ዊኒ ትልስለታለች። ማላኪ አጥንት ያመጣለታል፤ እቀበለዋለሁ፣ ግን ሳላሸት ለውሻው አልሰጥም። ሁሉን ነግሮኛል? አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ ሲቀመጥ ማጅራቱን ሳይ እውላለሁ፤ ቅዳሴው ሳይገባኝ ያልቃል። ይቅር በይው ይሉኛል። ገና ነኝ።

የወር መታሰቢያ ቅዳሴው የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ ነው። የሆድሽን ልጅ በሰላም ያስታቅፍሽ፤ ማርያም ከአጠገብሽ አትለይ። እዚያ የምታውቂያቸውን፣ ወንድምሽን አይተውት የማያውቁትንም ቢሆን ለምኚልኝ። የራሱን ውሻ በጥንቃቄ ዘግቶ የሰው ውሻ ሊያወጣ ለወረደው ለዶናካ አንድ አባታችን ሆይ ይድገሙለት፤ ነፍሱን በብርሃን ቦታ ያሳርፍልኝ።

እናትሽ ብሪድ