አስራ ሁለት ቮልት

ጥር 6
አሮጌው ዴስክቶፕ ዛሬ ጭራሽ አልነሳም አለ። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁት… የባለቤቴ ቪዲዮ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የለም። ልጄ ትታልኝ የሄደችው ላፕቶፕ ውስጥ ላስገባው ብዬ ገልብጬ ለካሁ። ሃርድ ዲስኩ ከራሱ ከላፕቶፑ ይወፍራል! ነገ ጥገና ቤት።

ጥር 7
ጥገና ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጠጋኙ ገና ሲያየኝ፣ «ፋዘር፣ ይሄ እኮ የዴስክቶፕ ነው። ቁም ሳጥን ሻንጣ ውስጥ ሊከቱ ነው?» ሰው ሳቀ። በቀጭን ገመድ ይዤው ከሄድኩት ላፕቶፕ ጋር አያያዘው። ጆሮውን እንኳን አላስጠጋም።
«ሞቷል። ይጣሉት።»
«ሟች ባለቤቴ ናት እዚህ ውስጥ ያለችው» አልኩት።
«እንግዲህ ነፍስ ይማር ነዋ!»
በሳቅ… በሰው ፊት። ቆይ አንተ።

ጥር 8
የምለውን እያዘጋጀሁ ነው። «አንተ ብሎ ጠጋኝ!» … አይ፣ ይሄ ያንሰዋል።

ጥር 10
አርባ ዓመት ከባድ መኪና ስጠግን፣ ሳልፈታ ሞተሩ ነክሷል፣ አይነሳም ብዬ አላውቅም። መነጽሬን አድርጌ የሃርድ ዲስኩን ጀርባ አየሁ። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ እሱን እያነከስኩ ነው የማነበው። ቁጥር ግን ያው ቁጥር ነው። 5 ቮልት ይላል። አጠገቡ 12።
አስራ ሁለት! የመኪና ባትሪ እኮ ነው!
ለልጄ ደወልኩ። «ከላፕቶፑ በሚወጣው ቀጭን ገመድ ስንት ቮልት ነው የሚያልፈው?»
«አምስት መሰለኝ፣ አባዬ። ምነው?»
አልሞተም። ተርቦ ነው! ያ ደንቆሮ የተራበውን ቅበሩ አለ…

ጥር 13
ልጄ አንድ ሳጥን ገዝታ መጣች። ሃርድ ዲስኩ እሱ ውስጥ ይቀመጣል፣ መብራቱን ከግድግዳ ይወስዳል፣ በገመድ ከላፕቶፑ ይገናኛል። «ውስጥ መግባት የለበትም አባዬ፣ ውጭ ሆኖ ይሰራል።» ሰካነው። መዳፌን አሳረፍኩበት። መሽከርከር ጀመረ… ሞተር ሲነሳ አላውቅም እንዴ?
መጣች። ባለቤቴ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ። «አንተ ሰውዬ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርግ እንጂ! ግንባሬን ብቻ ልታስቀር ነው?»
ልጄ አለቀሰች። እኔ ሸሚዜን ልተኩስ ገባሁ። ነገ ጥገና ቤት ነኝ።

ጥር 14
ቅዳሜ። ሰው ይበዛል ብዬ ነው የመረጥኩት። ላፕቶፑንና ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ፤ ሳላስፈቅድ ከግድግዳው ሰካሁ። ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቅኩት።
«ነፍስ ይማር ያልካት ሴትዮ ይቺውልህ!»
ሰው ከበበን። ጠጋኙ ገመዱን አየ፣ ሳጥኑን አየ። ግንባሩ ላይ ላብ። «ፋዘር… ለካ መብራት አንሶት ነው።»
ዋናውን ስድብ ልለቅበት አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ የቆመች ሴት ቀደመችኝ።
«የኔንም በዚሁ ቀጭን ገመድ አይደል ያየኸው? ሞቷል ብለኸኝ ጣልኩት እኮ። የሟች ልጄ ፎቶ ሁሉ…»
አልጮኸችም። ባለቤቴ ላፕቶፑ ላይ ትስቃለች።
ድምፁን ቀነስኩ።

ጥር 15
ስድቡን ይዤው ተመለስኩ። ይገባው ነበር፤ ዛሬም አልማርኩትም። ብቻ እዛች ሴት ፊት… አልወጣ አለኝ።
ጠዋት ቪዲዮውን ከፈትኩ። ለማንም ላሳይ ብዬ አይደለም። እስከ መጨረሻው አየሁት።
ረጅም ነው ለካ።