አንቺ ጻፊው፣ እሱ ያንብበው

በተማሪዎቻቸው አንደበት «እትዬ ድገመው» እየተባሉ የኖሩት መምህርት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የፊተኛው ክፍል የአባታቸው መስፊያ ስለነበር ያደጉት በልብስ ስፌት መኪናው ሥር ነው ማለት ይቻላል። አባታቸው የደንበኛን ሆድ ሲለኩ ቁጥሩን ጮክ ብለው አይጠሩም፤ በጣታቸው ያሳያሉ፣ ልጃቸው ይጽፋሉ። የሰውን ፊት መጠበቅ የተማሩት ከዚያች ሜትር ነው።

ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር ጨርሰው ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደተመረቁ በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ከሁለተኛ ክፍል ንቅንቅ አላሉም። ዳይሬክተር ይሁኑ ሲባሉ «ትልልቅ ሰው አልችልበትም፤ አንዴ ደርቋል» ብለው መልሰዋል።

በእሳቸው ክፍል ከሳሽ ክሱን ራሱ አይናገርም። ለተከሳሹ በጆሮው ይነግረዋል፤ ተከሳሹ ብድግ ብሎ ያንኑ ለመምህርቷ ይናገራል። ተከሳሹ «ይኼንንማ አልልም» ካለ መምህርቷ ወደ ከሳሹ ዞረው «ድገመው» ይላሉ፤ የሌላው አፍ እሺ ብሎ የሚሸከመው ቃል እስኪገኝ ድረስ። ተከሳሹ ክሱን ተናግሮ ሲጨርስ፣ ማንም ሳያቋርጠው የራሱን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። አንዲት ተማሪ «አንተ ንፍጣም» ብላ ጀምራ ስንት ጊዜ ከደጋገመች በኋላ፣ ልጁ ተነሥቶ «እትዬ፣ ሳስነጥስ ደብተሯ ላይ ነው፤ ዞር በልልኝ ትላለች» አለ። ከዚያም ተራው ደርሶ «መሐረብ የለኝም» ብሎ ጨመረ። ልጅቱ የራሷን አውጥታ ሰጠችው።

ከሰዓት ሠሪው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው፣ ዛሬ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነውን ወንድ ልጃቸውንና ነርስ የሆነችውን ሴት ልጃቸውን አፈሩ። የሰውን ልጆች ሲያስማሙ የኖሩት እናት በገዛ ቤታቸው ግን አልሆነላቸውም። ባለቤታቸው በቀዶ ጥገና ላይ እንዳሉ ባረፉ ዕለት፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ወንድም እህቱን በሰው ፊት አንድ ቃል ተናገራት፤ ቀዶ ጥገናው ይደረግ ያለችው እሷ ነበረችና። ቃሉ እዚህ አልተጻፈም። ጸሐፊዋ ደጋግማ ጽፋ ደጋግማ ሰርዛዋለች። የወንድሟ አፍ ይሸከመዋል ብላ ያስቀረችው ይህን ብቻ ነው፦ በዚያ ቀን እሱ አባቱን አጥቶ ነበር፤ እሷም አባቷን አጥታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተነጋገሩም። እናት ቅዳሜን ለእሱ፣ እሑድን ለእሷ መደቡ። አንዳቸው ቀን ተሳስቶ እንዳይመጣና በር ላይ እንዳይገጣጠሙ፣ ልባቸው ተንጠልጥሎ መስኮት ላይ ይቆሙ ነበር። ቅዳሜ እሱ የጠገነውን የወጥ ቤት ቧንቧ እሑድ ለእሷ ከፍተው ያሳዩአታል። ማን ጠገነው ብላ አትጠይቅም፤ እጇን ግን ትታጠብበታለች።

ልባቸው ደክሞ አልጋ ሲይዙ ቅዳሜና እሑድ መለየቱ ቀረ። ልጆቻቸው በአልጋው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እሱ ወደ እናቱ እያየ «እማዬ፣ መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ሲል፣ እሷም ወደ እናቷ እያየች «እማዬ፣ በኋላ ነው» ትላለች። እናት በመሐል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በመጨረሻ ትንፋሻቸውን አሰባስበው ሴት ልጃቸውን «የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊው፣ እሱ ያንብበው። አስቀድመሽ እንዳታሳዪው» አሏት። ወንድ ልጃቸውንም «የጻፈችውን ሁሉ ታነባለህ፤ ከዚያ ተራው ያንተ ነው» አሉት። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በአንድ እጃቸው እሱን በሌላው እሷን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ስለዚህ ይህን የሚያነበው ልጃቸው ጽሑፉን የሚያየው ለቀብር ከመጣችሁት ከእናንተ ጋር አሁን ነው። በየመስመሩ ምን ይመጣብኝ ይሆን ብሎ እንደፈራ እህቱ ታውቃለች። እሷም መሐል ላይ ወረቀቱን አጥፎ እንዳይወርድ ፈርታለች። እዚህ ድረስ ስላነበበ ታመሰግነዋለች።

እትዬ ድገመው ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ዛሬም ቢሆን ከመናገራቸው በፊት በሆዳቸው የሚደግሙ ብዙ ተማሪዎችን ትተው አልፈዋል። የልጆቻቸውን እርቅ ሳያዩ መሄዳቸው ያንገበግባል።

ከዚህ በታች ያለው ባዶ መስመር የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። በክፍላቸው ደንብ መሠረት የአንባቢው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንም አያቋርጠውም። ዝም ብሎ ቢያልፈውም፣ እህቱ ከጎኗ ያለውን ወንበር ይዛለታለች።

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

መስኮት ላይ ቆሞ ሁለት ልጆች ሲጠብቅ የደከመው ልባቸው ከእንግዲህ ይረፍ፤ ነፍሳቸውንም ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልን።