እጇን እንዳነሳች የቀረችው ልጅ

ሰኞ ኅዳር 9፤ ጠዋት 3፡00

ምስል 1,140 ደረስኩ። ገና ሦስት ሺህ ያህል ይቀራል። እያንዳንዷ ምስል የጣት ጥፍር ታክላለች። በጥጥ ጓንት እይዛለሁ፣ ከሥር በታብሌት አበራለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ወደ ቀጣዩ እስባለሁ። ፊልሙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ እርጅናው ነው። ለጉርድ ፎቶ የመጣች ተማሪ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

አንተ ደብተር፣ ሳምንት ሙሉ ስለዘጋሁህ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጥቅሉን ያመጡት ጋሽ ምንይችል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የደብረ ወርቅ ሰው። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመት ቀድሞ አንድ ፈረንጅ ሐኪም በበቅሎ ሲያልፍ የዘመዶቻቸው ለቅሶ ላይ ደረሰ። በእጅ በሚዞር ካሜራ ቀረጸው። ድምፅ የለውም። በዓመቱ ተመልሶ አቡጀዲ ላይ አሳያቸውና ጥቅሉን ትቶላቸው ሄደ።

የሞተው ሰውየ ሚስት የሺእመቤት ትባላለች። በዚያው ቀን ጠፋች። ፍለጋ ተወጣ፣ አልተገኘችም። በዓመቱ አቡጀዲው ላይ ሰው ሁሉ አየ፤ የአራት ዓመት ልጇን እጅ ይዛ ቆማለች፣ ከዚያ የለችም። ልጅቷ ብቻ እጇን ወደ ላይ እንዳነሳች ቀረች። ሕዝቡ ተንበረከከ። ተሰወረች ተባለ፣ እንደ ጻድቃን። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 8 ዝክር ያወጣላታል።

ልጅቷ አለች። እማሆይ ወለተ ማርያም፤ ዘጠናን ካለፉ ቆዩ። ሰው የታመመ ልጁን ያመጣላቸዋል፣ በዚያች እጃቸው እንዲዳብሱለት። ጋሽ ምንይችል የሚፈልጉት ፊልሙ ጸድቶ በዝክሩ ዕለት በትልቅ ስክሪን እንዲታይ ነው።

የእሑዱ ሰርግ ቪዲዮ ገና አልተቆረጠም። ሙሽራው በቀን ሁለቴ ይደውላል። አላነሳም።

ማክሰኞ ኅዳር 10፤ 9፡00

መጀመሪያዎቹን ሁለት ሺህ ምስሎች ደርድሬ አጫወትኩ። እንደ ሰርግ ቪዲዮ፣ በሰከንድ 25 ምስል። ለቀስተኛው ሁሉ ይሮጣል። አንድ ሽማግሌ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ። ሳቅሁ፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ለቅሶ ላይ መሳቄ ትዝ ሲለኝ አፌን ያዝኩ።

ድሮ ሥልጠና ላይ የሰጡንን ጽሑፍ ከፍላሽ ፈልጌ አወጣሁ። ያኔ እንቅልፌን ለጥጬ ነበር። የያኔው ካሜራ ሞተር አልነበረውም። ቀራጩ እጀታውን በሰከንድ ሁለት ዙር ያዞራል፤ አንዱ ዙር ስምንት ምስል። አንዳንዶቹ ፍጥነቱ እንዳይዛባባቸው በሆዳቸው ዘፈን ያንጎራጉሩ ነበር ይላል።

ወደ 16 አወረድኩት። ለቅሶው ለቅሶ ሆነ። ሽማግሌው የሚዘሉ አይደሉም፤ እየወደቁ እየተነሱ ነው። የሐኪሙ ክንድ ራሱ ይታወቀኛል። ሲደክመው ሰዎቹ ይፈጥናሉ፣ ሲበረታ ይረጋጋሉ። ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ክንዱ ግን እዚህ ስቱዲዮዬ ውስጥ እየዞረ ነው። ደስ አይልም።

ሐሙስ ኅዳር 12፤ 5፡30

አገኘኋት። ምስል 2,316 ላይ አለች። ምስል 2,317 ላይ የለችም።

2,316፦ ጠጉሯን ተላጭታለች፣ ነጠላዋ ጥቁር ተነክሯል። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። 2,317፦ ባዶ ቦታ። ልጅቷ ክንዷን አንስታ ቆማለች፣ ጣቶቿ ግማሽ ተጨብጠዋል፣ የሆነ ነገር እንደያዙ።

አማተብኩ። እኔ፣ የሰው ቪዲዮ ቆርጬ የምቀጥል ሴትዮ። መብራት ጠፋ። ሲመጣም አልቀጠልኩም፣ ዘግቼ ገበያ ሄድኩ። ሽንኩርት ስመርጥ ያቺ ክንድ ከፊቴ አልሄድ አለች።

እሑድ ኅዳር 15፤ ከቅዳሴ መልስ

ጾም ገባ፤ እስከ ገና ሰርግ የለም። ጊዜ ሞላኝ። የማልፈልገው ጊዜ።

ጽሑፉን ጨረስኩት። አንድ ፈረንሳዊ ምትሃተኛ ነበር። መንገድ ዳር ቆሞ ሲቀርጽ ካሜራው ያዘበት። ነካክቶ አስነሳውና ቀጠለ። ፊልሙን በኋላ ሲያየው የተሳፋሪ ሠረገላው ድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆነ፣ ወንዶቹ ሴቶች ሆኑ። እንዲህ ብሎ ራሱ ይተርክ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ ሆነ ብሎ ካሜራውን እያቆመ ሰው ይሰውር ጀመር። ዓለም ተከተለው። አዲስ አበባ ሲኒማ ሲገባ ሽማግሌዎቹ የሰይጣን ቤት አሉት፣ የእኛ ሰዎች ደ/ወርቅ ላይ መልአክ አዩበት። ለሁለቱም ወገን ካሜራ እንደሚቆም የነገረው ሰው አልነበረም።

ተመልሼ አየሁ። በዚያች ቅጽበት ከቦታዋ የዘለለችው የሺእመቤት ብቻ አይደለችም። የሽማግሌው ከዘራ ከቀኝ ወደ ግራ ሄዷል። የዳሱ ምሰሶ ጥላ ጋት ያህል ተንቀሳቅሷል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሻ መሐል ላይ ተኝቷል። ዘጠና ዓመት ሙሉ ስለ ውሻው የጠየቀ የለም። ሐኪሙ ፊልም ሊቆጥብ እጀታውን ለቆ፣ ቆይቶ ቀጥሏል። በቃ።

ለጋሽ ምንይችል ደወልኩ፣ እንደምንም አስረዳሁ። ተጠራጣሪ ሰው እንዳያሰናክል ውሻውን ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። መቆጣት አማረኝ፣ አልቻልኩም። የሚዋሹ ሰው አይደሉም። ውሻውን ነው የማያምኑት።

ረቡዕ ኅዳር 18፤ 4፡00

ቁርጡ እንዳይታይ ላለሰልስ ብዬ ዙሪያውን አጎላሁ። ምነው ባላጎላሁት።

ከኋላ፣ ከአውድማው ባሻገር፣ ዳገቱ ላይ የምትሄድ ሴት አለች። የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው። ጥቁር ነጠላ፣ የተላጨ ራስ። ከ2,317 ጀምሮ ፊልሙ እስኪያልቅ አለች። የሚጎትታት የለም፣ በቅሎ የለም፣ ሰው የለም። ብቻዋን፣ በእግሯ።

ወደ ኋላ መለስኩት። ከ2,240 ጀምሮ ጎንበስ ትላለች። ልጅቷን አንድ ነገር ትነግራታለች። ከዚያ የልጅቷን ጣቶች ከጣቶቿ አንድ በአንድ ታላቅቃለች፣ ትንሿን ክንድ ወደ ላይ ታነሳና እዚያው ትተዋታለች። ቀና ትላለች። ቁርጥ።

ወጥቼ ደጃፍ ተቀመጥኩ። የጎረቤቴ ልብስ ሰፊ አመመሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ፣ ግን በገዛ እጄ ጽፌልህ አላውቅም። ልጄ ማኅሌት አምስት ዓመቷ ነበር። ሉማሜ፣ እናቴ ሻይ ቤት። ቤሩት ልሄድ ነው፣ አልነገርኳትም። ከረሜላ አስይዤ ከደጅ አስቀመጥኳት፣ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። ሰባት ዓመት። ይኸው ከተመለስኩ አራት ሆነ፣ አሥራ ስድስት ሞላት። እናቴን እማ ትላለች፣ እኔን ትርንጎ። እዚህ ደ/ማርቆስ ከእኔ ጋር መማር አልፈለገችም። እኔም አጥብቄ አልለመንኩም።

ዓርብ ኅዳር 20፤ 8፡00

ሦስት ቀን አንድ ነገር ስፈልግ ከረምኩ። የሺእመቤት ዞር ብላ ታያለች ወይስ አታይም። በእያንዳንዷ ምስል ላይ ያቺን የሩዝ ፍሬ አጎላሁ። አትዞርም። መጨረሻ ላይ ብርሃን ገብቶ ፊልሙ ነጭ ይሆናል፣ ከዳገቱ አፋፍ ሳትደርስ።

ዛሬ ጠዋት እማሆይ በጎረቤት ስልክ አስደወሉ። ከዝክሩ በፊት ብቻዬን እንድመጣ፣ ምንይችልን እንዳላመጣው፣ የሚጠይቁኝ ነገር እንዳለ። ምን እንደሆነ አልተነገረኝም። ገባኝ ግን።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ፣ ሠራሁት። ፊቷን ጎንበስ ካለችበት ቆርጬ፣ አሳንሼ፣ አደብዝዤ፣ ዳገቱ ላይ በአሥራ አንድ ምስል ለጠፍኩ። ትሄዳለች፣ ዞር ትላለች፣ ትሄዳለች። ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ሰርግ ላይ ያልመጣ ወንድም እጨምር የለ፣ ይሄ በምን ይለያል። ደግሜ ደጋግሜ አጫወትኩት። ባጫወትኩ ቁጥር እኔን ነው የምታየው። ላፕቶፑን ከደንኩት።

ሁለቱንም ፋይል ይዣለሁ። ሰኞ መንገዱ ክፍት ነው አሉ።

ሰኞ ኅዳር 23፤ ጠዋት 2፡40፣ ሚኒባስ ውስጥ

ሉማሜ ቆመን ነበር። ጎማ ነፉ፣ ሰው ሻይ ጠጣ። የእናቴ ሻይ ቤት ከመንገዱ ማዶ። አልወረድኩም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ መሰልኩ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይደበቅም።

እዚያው ቀን፤ 7፡15፣ ደ/ወርቅ

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ጽሑፌ ባይነበብህ አትፍረድብኝ።

እማሆይ ጠባብ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ አንዱ በቅርብ ያያል። ላፕቶፑን ገና ሳልከፍት ነገሩኝ። ያስታውሳሉ። ሁሉንም። እናታቸው ጎንበስ ብላ፣ እስክመጣ ይችን እጅ እንዳታወርጃት አለቻቸው። አላወረዱም። ለቅሶው ተበተነ፣ ከብቱ ገባ፣ አላወረዱም። አጎታቸው በግድ አጥፈው ነው ያወረዱላቸው። በዓመቱ አቡጀዲው ላይ ሲታይ ሰው ሁሉ ተንበረከከ፣ ያቺን እጅ ሳመ። አምስት ዓመታቸው ነበር። ለማን ይናገራሉ።

ከዚያ ወዲህ የታመመ ልጅ ይዞ የሚመጣውን ማሳዘን አልቻልኩም አሉኝ። እጄን እጭናለሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ የሚድነው ይድናል። እናቴን ግን ጻድቅ አደረጉና ወሰዱብኝ፣ እንደ ሰው እንኳ ልቆጣት አልቻልኩም።

ከዚያ ጠየቁኝ።

«አንች በመሣሪያ አይተሻል። ዳገቱን ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝ?»

ሁለቱ ፋይሎች ጎን ለጎን ናቸው። ጣቴ ሁለተኛው ላይ ነበር። እምልልሃለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ነበር። ያቺ ዓይን ልዩነቱን አታውቅም። ደስ ብሏቸው ይሞቱ ነበር።

«አልዞረችም፣ እማሆይ» አልኩ።

ወዲያው የራሴን አፈሰስኩት። ስለ ማኅሌት፣ ስለ ከረሜላው። እኔም አልዞርኩም አልኳቸው። አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ፊት ብቻ ነው ያየሁት። ባያት ኖሮ እወርድ ነበር። ብወርድ ደግሞ የምትበላው አልነበራትም፣ እኔም አልነበረኝም። ስለማልወዳት አይደለም። እናትዎ ምን እንዳሰበች አላውቅም፣ የእኔ ግን ይህ ነው አልኩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለአንተም።

እማሆይ እጄን ፈልገው ያዙ። ጣታቸው ቀጭን ነው፣ ግን ያጠብቃል።

«ልጅሽ ታውቀዋለች?»

«አታውቅም።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«እኔ ይችን ለመስማት ዘጠና ዓመት ቆየሁ። እሷንስ ስንት ልታቆያት ነው?»

እውነተኛውን እንዳሳያቸው ጠየቁ። አሳየኋቸው። አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው ያችን የሩዝ ፍሬ ተከተሏት፣ ነጭ እስኪሆን። አራት ጊዜ አዩት። አላለቀሱም። እናቴ ለካ እንዴት ልጅ ነበረች አሉ፣ በቃ፣ ይህን ብቻ። ለምንይችል እኔው እነግረዋለሁ፣ አንች ውሻውን ተይው አሉኝ። ሁለተኛውን ፋይል እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

10፡50፣ ሚኒባስ

ወደ ሉማሜ ተቃርበናል። ምን እንደምላት እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። ይቅርታ ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለች፤ አፏ ስለት ነው፣ በእኔ ወጥታለች። ልጄ ብላት ትርንጎ ምን ፈለግሽ ትለኛለች። ትበለኝ። ከደጅ ብትመልሰኝም ነግሬያት እመለሳለሁ። ፈርቻለሁ ደብተሬ። ቤሩት ስገባ እንዲህ አልፈራሁም።

ሻይ ቤቱ ታየኝ። የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ልጅ ደጃፍ ላይ ብርጭቆ ታጥባለች። እሷ ትሁን ሌላ ከዚህ አልለይም። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ወራጅ አለ አልኩ። ረዳቱ አልሰማኝም። ሬዲዮው ይጮሃል። ልዘጋህ ነው፣ ልነሳ ነው፣ ደግሜ ጮክ ብዬ