በሻይ ቤትሽ የቀረው ጀርመንኛዬ

ውድ እማዬ፣

አንቺን ከሸኘን ወዲህ ፋሲካ አልፏል፤ ክረምቱም ገብቶ ሊወጣ ነው። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ብጀምር መልስ አላገኝም። ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ፣ አንቺን መዋሸት በሕይወት እያለሽም ሆኖልኝ አያውቅም። ስለዚህ እንዳለ ልንገርሽ፤ ለቀብርሽ መጥታ፣ አርባሽን አውጥቼ እመለሳለሁ ያለችው ልጅሽ እስካሁን እዚሁ ሉማሜ ናት።

ሻይ ቤቱን አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ። መንገዱ ሲከፈት አውቶቡሱ ይግተለተልና መተንፈሻ አጣለሁ፤ ሲዘጋ ደግሞ እኔና ዝንቦቹ እንቀራለን። ሾፌሮቹ «እንደ እናትሽ አድርጊው» ይሉኛል፣ ቅርንፉዱን አብዢው ማለታቸው ነው። የጓዳውን ጣሪያ ወንድሜ ከደምበጫ መጥቶ አስጠግኖታል፤ ማፍሰሱን ግን አልተወም። የጀርመንኛ መጻሕፍቴ ከስኳሩ ጣሳ ጎን መደርደሪያው ላይ ናቸው። አንዱ ሾፌር ገጽ ገንጥሎ ቆሎ ሊጠቀልልበት ሲል ደረስኩበት። የጮህኩበትን ጩኸት ብትሰሚ ትኮሪብኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጀርመንኛ ሲደርሰኝ ያለቀስኩትን ታስታውሻለሽ? ሕግ ነበር የፈለግኩት። አንቺ ግን ደንበኞችሽን ሁሉ «ልጄ እኮ ጀርመን ደረሳት» ብለሽ አዳረስሽ። ግማሹ ሰው አገር ለቅቄ የሄድኩ መሰለው፤ አንቺም ላርማቸው ብለሽ አልተቸገርሽም። ለዕረፍት ስመጣ አንዱ ባለመኪና መለዋወጫውን ይዤለት እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ፣ አንቺ ብርጭቆ የምታጥቢ መስለሽ ጀርባሽን ሰጥተሽን ትከሻሽ በሳቅ ይርገፈገፍ ነበር።

በዚያ ዕረፍት የቃል ፈተና ነበረብኝና የሚያለማምደኝ ሰው አጣሁ። አንቺን አስቀመጥኩሽ። አንድ ቀን ፋርማሲስት፣ አንድ ቀን ዳቦ ሻጭ፣ አንድ ቀን ደግሞ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሆንሽልኝ። ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሳል ብዬ በጀርመንኛ ጠይቄሽ ትርጉሙን ስነግርሽ፣ ፊትሽን ኮስተር አድርገሽ «ሲሞላ ነዋ!» አልሽኝ። ፈተናው ላይ ያ ጥያቄ ሲመጣ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ስለ ባህላቸው የተማርነውንም እየመጣሁ እነግርሽ ነበር። የመጦሪያ ቤቶቻቸውን ጉዳይ ክፍል ውስጥ ስንወያይ እኔ ተነስቼ፣ በአገሬ ልጅ ወላጁን ትቶ አይሄድም ብዬ በሚያምር ጀርመንኛ ተናገርኩ። መምህሯ አመሰገነችኝ፤ ጓደኞቼ አጨበጨቡ። ያንን ንግግሬን በአማርኛ ስደግምልሽ ብርጭቆውን አስቀመጥሽና «እኔን ማን ጠየቀኝ? አጠገቤ ተጎልተሽ ኑሪልኝ አልኩሽ?» አልሽኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ያኔ በጀርመንኛ የተናገርኩትን አሁን በአማርኛ እየኖርኩት ነው።

አባዬ አትሂጂ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ እንጣላ ነበር፣ ተጣልቼም እሄድ ነበር። እሱ ግን የትምህርቴን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «እንዳልሽ ልጄ» ይልና እንጀራውን ገፋ ያደርገዋል። ከዚያ ያ ቀን እንዲሁ ይመሻል። ወንድሜ ደምበጫ ወስጄ እኔ ጋ ላኑረው ቢል፣ «ከዚህ ቤት የምወጣው እሷ በወጣችበት መንገድ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜም ዝም ብሏል። ሁሉም ዝም ሲል ነገሩ ተወሰነ ማለት ነው፤ የተወሰነው እኔ ላይ ነው።

ባለፈው ሰሞን ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ሲመለስ የጓደኛዬ መልእክት ተከታትሎ ገባ። ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች ከመስቀል በፊት ተመልሰው ካልተመዘገቡ ቦታቸውን ያጣሉ ይላል። እስክሪኑን ሽርጤ ላይ ጠራርጌ ደግሜ አነበብኩት። ሽርጡ የአንቺ ነው እማዬ። ያለ ምንም ማጥበብና ማስፋት ልክክ ብሎልኛል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ታፍኛለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት የሚዘጋብኝ ነው የሚመስለኝ። ጮክ ብዬ ጀርመንኛ የማወራበት ሰው የለም፤ ብቻዬን ሳወራ የሰሙኝ እንደሆነ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። ቃላቱ አንድ በአንድ እየጠፉኝ ነው። አንቺም ላይ ተናድጃለሁ። ማን ላይ ልናደድ? ሳትሰናበቺኝ ሄደሽ ቤቱን፣ አባዬን፣ ደንበኞቹን፣ ሁሉንም እንደሞቀ አስረከብሽኝ። ደግሞ ተናድጄ ሳልጨርስ ትናፍቂኛለሽ፤ ይኼ ነው የሚያደክመኝ።

ትናንት ቀትር ላይ አባዬ ከግቢው ሆኖ «ጥሩወርቅ!» ብሎ ተጣራ። እኔም «አቤት» አልኩ። ውሃ ፈልጎ ነው ብዬ ቀድቼ ወሰድኩለት። ጠጥቶ ጣሳውን መለሰልኝ፤ ምን ብሎ እንደጠራኝ አላወቀም። እኔም ያወቅኩት ምድጃው ጋ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እሱ መሳሳቱ አላስደነገጠኝም፤ አርጅቷል፣ ዐዝኗል፣ አፉ ለስምሽ ለምዷል። ያስደነገጠኝ የእኔ አቤት ማለት ነው። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ አለቀስኩ።

ከዚያ ተነስቼ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። እንደ እህት የኖራችሁ ጎረቤትሽ ናትና ከእሷ የምደብቀው የለኝም። ሻይ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ፣ ለአባትሽም ምሳና እራቱን አላጓድልበትም፣ ሂጂ አለችኝ። ነገሩን እስክነግራት ስትጠብቀኝ የከረመች ነው የመሰለኝ። መንገዱ ካልተዘጋ ቅዳሜ አውቶቡስ አለ።

ነገ ቁርስ ላይ ለአባዬ እነግረዋለሁ። እንጀራውን እንደሚገፋው አውቃለሁ። ይግፋው፤ ቃሌን አላጥፍም። እሱ እስኪበላም ከአጠገቡ አልነሳም።

አትርሺኝ እንደማትይኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቃል ልግባልሽ። በደረስኩበት ሁሉ አስታውስሻለሁ፣ ሳቅሽንም ቁጣሽንም። ግን እማዬ፣ ሰው ራሱን አያስታውስም። እኔ እዚህ ቀርቼ አንቺን ከሆንኩ ማን ያስታውስሻል?

ልጅሽ
ሰናይት